ግማሽ መንገድ የምትሄድ ጣት

ጣቴ ክፉ አመል አለባት። ሌላው ሰው ጥፍሩን ይበላል፣ እግሩን ያወዛውዛል፤ የኔ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ግን ያላማራት ሰው ሲመጣ ሳላዛት ትነሳለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት በር ላይ ሽጉጥ ታጥቄ የቆምኩ ሴት ነኝ። ጥበቃ ነኝ ስል ሰዎች የሴት ቦርሳ የምፈትሽ ብቻ ይመስላቸዋል። እሱንም እፈትሻለሁ። ከካፖርቴ ሥር ያለውን ግን የሚያውቁት ባለሱቁ፣ የቀጠረን የጥበቃ ድርጅትና አብረውኝ የሚቆሙት ጋሼ ነበሩ። አባቴም ያውቃል፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪና የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ስለሆነ ግን ነገሩን በስሙ አይጠራውም፤ «ዕቃሽን አስረክበሽ ነው የመጣሽው?» ብሎ ብቻ ይጠይቀኛል። አስረክቤ ነው። ሱቁ ሲዘጋ መሣሪያው እዚያው ይቆለፋል፤ አፍንጮ በር እኛ ቤት የሚገባ ሽጉጥ የለም።

ጋሼ የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ሆነው አይደለም። የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ግን እስከ ዛሬ «የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ» የሚሉ ሰው። ሰፈራቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ቀይረው ነው የሚመጡት፤ አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። «ያፈረሱት ቤቴን ነው እንጂ እኔን አይደለም» ይላሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ አመሌንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያዋ ሽጉጤ የሩሲያ ነበረች፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ጥቁር ቀለሟ ተልጦ ብረቷ የታየ። የሷን ጠባይ ካልተናገርኩ የኋላው ታሪክ አይገባም። ጣት የሚስበውን ነገር ሰው ቃታ ይለዋል፣ እኛ ምላጭ እንለዋለን። የሷ ምላጭ ለመጀመሪያው ጥይት ረጅምና ከባድ ነው፤ ከኋላ ያለችውን መዶሻ እየጎተተ የሚያነሳትም የሚለቃትም ያው አንድ ጣት ነውና። ጥይቱ አንዴ ከወጣ ግን መዶሻዋ ተነስታ ስለምትቀር ሁለተኛው ስስ ነው፣ ነካ ማድረግ ይበቃል። ስለዚህ የጀማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ጥይት ከኢላማው በታች መሬት ይበላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳያስበው ያመልጠዋል። ጋሼ «ይቺ ቁርጥ ባለቤቴን ናት፤ እስክትቆጣ ድረስ ትከብዳለች፣ አንዴ ከጀመረች ግን ማን ያቆማታል!» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ባለሱቁ መሣሪያ እንዲታይ አይፈልግም። ቀለበት ሊመርጥ የመጣ ሙሽራ ሽጉጥ ካየ ይደነግጣል ይላል፤ እውነቱን ነው። ጋሼ ታዲያ በገባሁ በሳምንቱ የካፖርቴን የቀኝ ኪስ ከውስጥ በመቀስ ቀደዱልኝ። የሳቸውም እንዲሁ ነው። ላየው ሰው እጁን ብርድ ብርድ ብሎት ኪሱ የከተተ ይመስላል፤ እጁ ግን በቀዳዳው አልፎ ወገብ ላይ ካለው ሽጉጥ ይደርሳል። የሽጉጡ ማህደር አሮጌ ቆዳ ነው፣ ምላጩን አይሸፍንም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉኝ ያን ቀን። «ግን የጠረጠርሽው ሁሉ ሌባ አይደለም። ሰውየው ካላማረሽ ምላጩን እስከ ግማሽ ሳቢና ቁሚ። ቀሪዋን ግማሽ ለሱ ተይለት፤ የማርያም መንገድ ናት።» ጴንጤ መሆኔ ትዝ አላቸውና ጠቀስ አደረጉኝ። «አይዞሽ፣ ለናንተም አትከለክልም።»

አንድ ክረምት ዝናብ ጃኬቱን ያራሰው ሰው ገባና ባንኮኒው ፊት ቆመ። ምንም አልተናገረም። ግራ ቀኙን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ። ጣቴ ግማሽ ላይ ደረሰች። ከባዱ ምላጭ ወደፊት ሊመልሳት ይገፋታል፣ እኔ እይዘዋለሁ። ሰውየው ያወጣው በመሐረብ የተቋጠረ ቀለበት ነበር፤ የሞቱት እናቱ ቀለበት። ሊሸጠው አፍሮ ኖሯል ግራ ቀኙን የሚያየው። ለቀቅኩት። እሱ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ እኔን ግን ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ጋሼ «አየሽ? ያተረፈችው ያቺ ግማሽ ናት» አሉኝ፣ እኔም በዚያች ግማሽ አመንኩ።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ አሮጌዎቹን ሰብስቦ አዳዲስ የቱርክ ሽጉጦች አመጣ። ቀላል ናቸው፣ ግማሽ አካላቸው ፕላስቲክ። ከኋላ የምትታይ መዶሻ የላቸውም። ምላጩ መሐል ትንሽ ምላስ መሳይ ነገር አለች፤ ጣት ካረፈባት ምላጩ በጥቂቱ ይላላል፣ ከዚያ አንድ ጠጣር ያለ ቦታ ላይ ይቆማል፣ እሱን ካለፉ አለቀ። የመጀመሪያውም ጥይት ያው ነው፣ የመጨረሻውም ያው ነው። ሰዎቻችን ወደዱት። «ይቺ ባለ አንድ ጠባይ ናት» አሉ።

ሦስት ቅዳሜ ልምምድ፣ በአራተኛው ፈተና ተባልን። ጠዋት ከምኒልክ አደባባይ በሚኒባስ ያነሱንና ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ሥር ወዳለ ተኩስ ሜዳ ይወስዱናል። ያላለፈ መሣሪያ አይይዝም፤ መሣሪያ የማይዝ ደግሞ ወርቅ ቤት አይቆምም፣ የመጋዘን በር ጠባቂ ነው የሚሆነው፣ ደሞዙም እንደዚያው። ሁላችንም ፈራን። አንፈራም ያሉትም ፈርተዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሰልጣኙ «አነጣጥር!» አለ። እጄን ዘረጋሁ፣ የወረቀቱን መሐል ያዝኩ፣ እንደ ልማዴ ግማሽ መንገድ ሄጄ ትእዛዙን መጠበቅ ጀመርኩ። ጓ! «ተኩስ» ያለ ሰው የለም። ጥይቱ ኢላማው ሳይደርስ መሬቱን መታና አቧራ ተነሳ።

«እህቴ! ማን ተኩሺ አለሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ራሷ ናት» አልኩ እንደ ሕፃን።

ሰው ሳቀ። አሰልጣኙ አልሳቀም፤ መጥቶ ጎኔ ቆመና ጣቴን የት አሳርፌ እንደነበር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወጣት ነው፣ ትዕግሥት ግን አለው። «ስሚኝ» አለኝ። «ይቺ ላይ ምላጭ ይዞ ማሰብ የለም። አስበሽ፣ ወስነሽ፣ ጨርሰሽ ነው ጣትሽ ምላጭ ላይ የሚደርሰው። እስከዚያ ከጎን ብረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል።»

ለሱ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ሐሳቤን የምቀይርባትን ቦታ የወሰደብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ያ ባለ ቀለበቱ ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያን ቀን እጄ ላይ የነበረችው ይቺ ብትሆን ኖሮ ገድዬው ነበር። የእናቱን ቀለበት ሊሸጥ የመጣ ሰው! የቀሩኝን ጥይቶች የት እንዳስገባኋቸው አላውቅም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሼ ትከሻዬን መታ አደረጉና «ጥይት መውጣት ሥራዋ ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል?» አሉ።

ቤት ውስጥ በእስክሪብቶ ተለማመድኩ። አናቱን ሲጫኑት ጠቅ የሚል እስክሪብቶ አለ አይደል? እሱን እይዝና ጣቴን ከጎኑ ቀጥ አደርጋታለሁ። በር ሲንኳኳ፣ ውሻ ሲጮህ፣ መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት ሲጣራ፣ ጣቴ ከቦታዋ እንዳትነሳ እጠብቃታለሁ። ትነሳለች። ስገሥጻት ትመለሳለች፣ ስረሳት ትነሳለች። አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ «ምነው፣ ፈተና አለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አለኝ አባ።»

«የምን?»

«የሥራ።»

እጁን አናቴ ላይ ጫነና ጸለየልኝ። «ጌታ ሆይ፣ እጆቿን ባርክ» ሲል አሜን ማለት አቃተኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ በተቃራኒው አበላሸሁ። ምላጩ ላይ መቆየት ስለፈራሁ ጣቴ እንደደረሰ መንጠቅ ጀመርኩ፤ ጥይቴ ሁሉ ወረቀቱ ግራ ጥግ ተከመረ። «እሳት አይደለም እኮ፣ አያቃጥልሽም!» አለ አሰልጣኙ። «ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ መቼ እንደሚወጣ አትጠብቂው።» ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ተሳካልኝ። ጣቴ ከጎን፣ ውሳኔ፣ ምላጭ፣ ጠጣሩ ቦታ፣ ሳይቆሙ ማለፍ። መሐሉ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ በሳሳሁ። ፈተናውንም አለፍኩ።

ጋሼም አለፉ፤ ከሁላችንም በላይ። የዕድሜ ልክ ተኳሽ ናቸው፣ ወረቀት ላይ ማን ይደርስባቸዋል? ግን ወረቀት የሚጠረጠር ሰው አይደለም። «ተኩስ» ከተባለ ወረቀት ፊት ማንም ግማሽ ሄዶ ቆሞ የተመሰቃቀለ ሐሳብ አያስብም፤ ይተኩሳል፣ አለቀ። ፈተናው የፈተነው ዓይናችንን ነው፣ አመላችንን አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ሱቁ በር ላይ ተመልሰን በቆምን በሁለተኛው ቀን ነው። አንድ ሰው ሲገባ የጋሼ ቀኝ እጅ ኪሳቸው ገባ፣ የግራ ዓይናቸው ጠበብ አለ። ያን ምልክት ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ግማሽ ላይ ናቸው ማለት ነው።

የኔም እጅ ኪሴ ውስጥ ነበር። እዚህ ላይ ራሴን ማስዋብ አልፈልግም። ተኩስ ሜዳ ላይ ያስተካከልኳት ጣት ፒያሳ ስትደርስ የድሮዋ ጣት ሆነች። ልዩነታችን እኔ ጠጣሩ ቦታ ላይ ስደርስ ደንግጬ መመለሴ ብቻ ነው። እሳቸው ይዘውት ይቆማሉ።

ሳምንት ሙሉ እንዴት ልንገራቸው እያልኩ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ማኪያቶ ልንጠጣ የምንወጣው በየተራ ነው፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ባለሱቁን ለምኜ አብረን ወጣን። የካፌው ባንኮኒ ጋ ቆመን፣ «ጋሼ፣ ይሄ አዲሱ ግማሽ የለውም እኮ» አልኳቸው።

«ግማሽ የሌለው ነገር የለም።»

«አሰልጣኙ ምላጭ ላይ አትቁሙ ያለው…»

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ፊታቸው ጠቆር አለ። «እሱ ሳይወለድ እኔ ምላጭ ስስብ ነበር። አሁን አንቺም ልታስተምሪኝ ነው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ማለት ነበረብኝ። አስተማሪን፣ የአባትን እኩያ፣ ሰው በተሰበሰበበት ማን አዎ ይላል? ይሉኝታ አንደበቴን ያዘው። «ኧረ ጋሼ፣ ለራሴ ነው እንጂ! እኔ ስላስቸገረኝ ነው» አልኩ። ወዲያው ፊታቸው በራ። «ፋራ አትሁኚ፣ ትለምጂዋለሽ» ብለው የኔንም ማኪያቶ ከፈሉ። ለአለቃችን መናገር እችል ነበር። ምን ብዬ? ጡረታው አንድ ዓመት የቀረውን ሰው መሣሪያ ንጠቁት ብዬ? ዝም አይነቅዝም አልኩና ዝም አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከረፋዱ ላይ፣ ሁለት ወንዶች የሞተር ሳይክል ሄልሜት እንዳጠለቁ ሱቁ ገቡ። ፊታቸው አይታይም። የጋሼ እጅ ወደ ኪሳቸው ሲሄድ አየሁ፣ ዓይናቸው ሲጠብ አየሁ። የኔም እጅ ኪሴ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት መንገዱ ማዶ እየፈረሰ የነበረ አንድ ቤት ቆርቆሮ ተገነጣጥሎ ወረደና አካባቢውን በጩኸት ደበላለቀው። እኔ ደንግጬ ጣቴን ከምላጩ ላይ አነሳሁ። ጋሼ ደንግጠው ጨበጡ።

የተኩስ ድምፅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሌላ ነው። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወረዱ። ካፖርታቸው ይጨሳል፣ ከጉልበታቸው በላይ ደሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። አንዱ ሰው ሄልሜቱን አውልቆ ወርውሮ ቀበቶውን ፈታና ጭናቸውን ጥብቅ አድርጎ አሰረላቸው። ሙሽራ ነበር። ከሚዜው ጋር ቀለበት ሊመርጥ ነው የመጣው። እኔ «በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም» ከማለት በቀር አንድም የረባ ሥራ አልሠራሁም። ጋሼ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ እንኳ ሙሽራውን «ይቅርታ ልጄ፣ ቀንህን አበላሸሁብህ» ይሉት ነበር።

አጥንታቸው ተሰብሯል አሉ። ድርጅቱ አጣሪ መደበ። መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዶ የጋሼን ቃል ተቀበለ፣ በማግስቱ እኔ ተጠራሁ። ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጥቁር ክርና መርፌ አወጣሁና የካፖርቴን ኪስ ቀዳዳ ሰፋሁት። አባቴ «ቁልፍ ተበጥሶ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ ቀን በፊት አባቴን ዋሽቼው የማውቅ አይመስለኝም።

አጣሪው ፒያሳ ካለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው የተቀበለኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ ነገሩን አልሸፋፈነም። «ሰውየው ‹ምላጭ ይዞ የመቆም ልማድ የኔ የራሴ ነው፣ ማንንም አላስተማርኩም፣ እሷም እንደዚያ አትይዝም› ብሏል» አለኝ። «ልማዱ የሱ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የሱ ነው። ከሥራ ይሰናበታል፣ ሕክምናውም በራሱ ነው። ሌሎቻችሁም እንደዚያ የምትይዙ ከሆነ ግን ያጎደለው ሥልጠናው ነው፤ ሕክምናውንም ጡረታ እስኪደርስ ያለውን ደሞዙንም ድርጅቱ ይሸከማል። እርግጥ እንደዚያ የሚይዝ ሰው ከነገ ጀምሮ መሣሪያ አይይዝም። አንቺ ትይዣለሽ?»

እንዲህ ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠልኝ። አላውቅም ነበር ልል አልችልም። የመጋዘኑ በር ታየኝ፣ በደሞዜ የምገዛው የአባቴ መድኃኒት ታየኝ፣ ስምንት ዓመቴ ታየኝ። ጋሼ ራሳቸው አትይዝም ብለውልኝ የለ? እኔ ምን አጠፋሁ፣ የሳቸውን ቃል ነው የምደግመው!

«አይ» አልኩ። «እኔ እንደዚያ አልይዝም።»

የጋሼ ካፖርት ኪሱ የተቀደደ ሆኖ ስለተገኘ የኔንም እንዳሳየው ጠየቀኝ። ኪሱን ገልብጬ አሳየሁት። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ክሩ አዲስ መሆኑን ያላየ አይመስለኝም፤ ግን ምንም አላለም፣ ለድርጅቱም የሚሻለው እንዲሁ ነበር። ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሼ እግራቸው በጄሶ ታስሮ፣ ጺማቸው አድጎ፣ አንሰው ጠበቁኝ። ስለ ሱቁ ጠየቁኝ፣ ሙሽራው ተመልሶ ቀለበቱን ገዝቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ገዝቷል ስላቸው ደስ አላቸው። ከዚያ በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ እንዳሉት አልኩ።»

የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም። የገረማቸው ነበር የሚመስለው፣ እርግጠኛ ሆነው ያሰሉት ሒሳብ እንደተሳሳተበት ሰው።

«አንቺ ጴንጤ አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ። «እሷ አትዋሽም፣ እውነቱን ታወጣዋለች ብዬ እኮ ነው እኔ የዋሸሁት።»

እኛ ዘንድ ሰው «ተይው፣ እኔ እችለዋለሁ» ሲል ሌላው «አይሆንም፣ እኔ!» ይላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገፋፋሉ። ታላቅ ይሰጣል፣ ታናሽ አልቀበልም ይላል። እኔ በመጀመሪያው ቃል ተቀበልኳቸው። «ጋሼ…» ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። እሳቸው ቀደሙኝ። «በይ ብርቱካኑን ላጪልኝ» አሉ። ላጥኩላቸው። እየበሉ ስለ አውቶቡሱ አወሩኝ፤ ከእንግዲህ ያን ሁሉ ታክሲና አውቶቡስ መቀያየር ቀረልኝ አሉና ሊያስቁኝ ሞከሩ።

የአጣሪው ቢሮ ከወርቅ ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ቃሌን መቀየር እችላለሁ፤ ማመልከቻውን ሳይቀር ጽፌዋለሁ። ዛሬም በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እስካሁን አልሄድኩም።